ሪባን የተቆረጠለት ጎጆ

ክልላችን ክልል ተብሎ የማኅተሙ ቀለም ገና ሳይደርቅ፣ በፓርካችን ውስጥ የመጀመሪያው የቱሪስት ማረፊያ እንዴት እንደተቋቋመ ለትውልድ ማስተላለፍ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ትውልዱ አልጠየቀኝም። ቢሆንም አስተላልፋለሁ፤ የቱሪዝም መሥሪያ ቤታችን ባልደረባ ሳይጠየቅ መናገርን ከሥራው ጋር ነው የሚማረው።

ማረፊያው ከፑኝዶ መንገድ ገባ ብሎ፣ ቆርኬዎች ውሃ ፍለጋ በሚያልፉበት ሜዳ ዳር ተሠራ። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፣ ፍራሾቹ ከነላስቲካቸው፣ አጎበሮቹ ከነማሸጊያቸው ተቀምጠዋል። ተጠባባቂ ኃላፊ ሆነው የተመደቡት አቶ ይግዛው ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። የቀረው ምርቃት ብቻ ነበር። ያልተመረቀ ቤት ቤት አይደለም፤ መሥሪያ ቤታችን ከዚህ አቋሙ ፍንክች አላለም። የክብር እንግዳው በበጋ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ በክረምት ደግሞ መንገዱ ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጠበቅን።

ኛሙዎች የምትባለውም ጠበቀች። ባሮ ዳር አሳ እየጠበሰች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ነበረች፤ «የምግብ ዝግጅት ባለሙያ ትሆኛለሽ፣ ሥራሽ ከምርቃቱ ዕለት ይጀምራል» ተብላ መጥበሻዋን ይዛ መጣች። እስከዚያው መጠለያ ስላልነበራት ከማረፊያው ጎን ጎጆ ሠራች፤ እንጨቱን ራሷ ቆርጣ፣ ሣሩን ራሷ አጭዳ፣ ግድግዳውን ራሷ ለስና። ጥናት ሳይጠና ቤት መሥራቷ አቶ ይግዛውን ቅር ቢያሰኛቸውም፣ ፀሐይ ሲጠና የሚሸሹት ወደዚያው ጎጆ ጥላ ስለነበር እንዳላዩ ሆነው አለፉት።

አንድ ቀን ፑኝዶ የስደተኞች ጣቢያ የሚሠራ፣ አማርኛ የቀማመሰ ፈረንጅ፣ በእኛ አገር አጠራር ካዋጃ፣ ከሚስቱ ጋር መጣ።

«ክፍል አለ?»

«አለ» አሉ አቶ ይግዛው በኩራት። «ሁሉም ባዶ ነው።»

«ማደር እንችላለን?»

«አይቻልም። አልተመረቀም።»

«መቼ ይመረቃል?»

«የክብር እንግዳው ሲመጡ።»

«እኛስ እንግዳ አይደለንም?»

«ናችሁ። የክብር አይደላችሁም እንጂ።»

ኛሙዎች ለማንም «አንተ» ነው የምትለው፤ ለሹምም ለካዋጃም እኩል። «ኃላፊ፣ አንተ ጅቡን ታውቃለህ። ሰው ሜዳ ላይ አያድርም» አለችና ጎጆዋን ለቀቀችላቸው። እሷ ከልጆቿ ጋር ምግብ በምታበስልበት ዳስ ሥር ተኛች። ባልና ሚስቱ አሳዋን በሉ፣ ጠዋት ደጃፉ ላይ ሆነው ቆርኬውን አዩ፣ ሄደውም ለጓደኞቻቸው አወሩ። ከዚያ ወዲህ ጎጆዋ እንግዳ አላጣም። ሌላ አልጋ ጨመረች፤ ኑሮዋም ቀና አለ።

ማረፊያውም ቢሆን ሥራ አልፈታም። ዝንጀሮዎች የምርቃት ሥርዓት አያውቁምና፣ መስኮት ገንጥለው ገብተው ፍራሹ ላይ ማደር ጀመሩ። አቶ ይግዛው ሊያባርሯቸው ቁልፉን አወጡ። ያልተመረቀ ቤት መክፈት ደንብ መጣስ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ግን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። እንዲህ ያለ ሥርዓት አክባሪ ኃላፊ ዛሬ ከየት ይገኛል?

በመጨረሻ የክብር እንግዳው መጡ። የላንድክሩዘሩ ሰልፍ አቧራውን አልብሶን ቆመ፤ ከነጋዴው ከሸሪፍ ሱቅ የተገዛው ቀይ ሪባን ተወጠረ፤ መቀሱ በትሪ ቀረበ።

«ይህ ማረፊያ» አሉ የክብር እንግዳው «የቱሪዝም ዘርፋችን የማዕዘን ድንጋይ፣ የክልላችን የእድገት በር፣ ለዓለም ሕዝብ የተከፈተ...»

አንድ ትልቅ ዝንጀሮ አጎበር ተከናንቦ በመስኮቱ ብቅ አለ። እኛ አጨበጨብን፤ የማጨብጨቢያው ቦታ መስሎን ነበር። በጭብጨባው የደነገጠው መንጋ ከየክፍሉ እየዘለለ ወደ ሰልፋችን ሲመጣ፣ ልዑካኑ ፕሮቶኮላቸውን ሳያዛንፉ፣ በማዕረግ ቅደም ተከተል፣ ወደ ኛሙዎች ጎጆ ሮጡ። እዚያም ተመልሰው የመጡት ካዋጃውና ሚስቱ ቁጭ ብለው አሳ ይበላሉ። የክብር እንግዳው ትንፋሻቸው እስኪመለስ አብረው በሉ፤ ትንፋሻቸው ከተመለሰም በኋላ በሉ።

«እነዚህ እንግዶች የት ነው የሚያድሩት?» ጠየቁ።

«እዚሁ፣ እሷ ዘንድ» አሉ አቶ ይግዛው አንገታቸውን ደፍተው።

«ታዲያ ማረፊያው ይኼ ነዋ!»

«ይኼ ቤቴ ነው» አለች ኛሙዎች።

«ቤትሽማ ነው!» አሉ የክብር እንግዳው ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ። «የሁላችንም ቤት ነው!»

ሪባኑ ከነቋጠሮው መጥቶ በጎጆው በር ላይ ታሰረና ተቆረጠ። ኛሙዎችም ከሁላችን በላይ አጨበጨበች። የተባለላት ቀን ደርሷልና፣ ሥራዋ መጀመሩ ነበር።

መኪኖቹ እንደሄዱ፣ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ተጠባባቂነታቸው ቀርቶላቸው ሙሉ ኃላፊ የሆኑት አቶ ይግዛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኛሙዎች፣ እንግዲህ ልጆችሽንና ዕቃሽን አውጪ። ቤቱ የመንግሥት ንብረት ሆኗል።»

«ሥራዬስ? ከምርቃቱ ዕለት ይጀምራል ብላችሁኝ ነበር።»

«ቦታው በማስታወቂያ ነው የሚወጣው። የሆቴል ሙያ ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። አንቺም መወዳደር ትችያለሽ፣ ማንም አይከለክልሽም።»

«አሳዬን በልተሃል እኮ።»

«ጥሩ አሳ ነው» አሉና በሩን ቆለፉት።

ያቺ ሴት መጥበሻዋን በራሷ ላይ፣ ትንሿን ልጇን በጀርባዋ አድርጋ ስትሄድ አይቻለሁ። ሳስታውሰው አሁንም ደሜ ይፈላል፤ በኩራት ማለቴ ነው።

የተመረቀው ጎጆ ዕቃ እስኪሟላለት ድረስ ዛሬም ተቆልፎ ይጠብቃል። ዝንጀሮዎቹ ከቆርቆሮው ቤት ሆነው እያዩት ነው። ኛሙዎች ግን ራቅ ብላ፣ ከአንድ ወንዝ ማዶ ዛፎች መካከል ሌላ ጎጆ ሠርታለች። ምን እንደሆነ ብንጠይቃት «የፍየል ቤት» አለችን፤ ፍየል ሲኖራት አይተን ባናውቅም አምነን ተመለስን። ካዋጃዎቹ መንገዱን ጠያይቀው ይደርሱበታል። የመጣውን ሁሉ በሩ ላይ ቆማ ትቀበላለች። ስሙን አትጠይቅም፣ አገሩንም አትጠይቅም። ከማስገባቷ በፊት ቦርሳውን በዓይኗ ትመዝንና አንዲት ነገር ብቻ ትጠይቃለች፦

«መቀስ ይዘሃል?»