ድድ ያበቀለችው ሞተር

በየሰፈሩ፣ ያለውን ነገር እንዳለ መተው የማይሆንለት አንድ ሰው አይጠፋም። ሬዲዮ ቢገዛ ሆዱን ሳይከፍት አያድርም፤ አዲስ ወንበር ቢያመጣ በማግስቱ እግሩን ያሳጥረዋል፤ ጃንጥላ ብታውሱት እጀታው ተቀይሮ ይመለስላችኋል፣ ያውም እንድታመሰግኑት እየጠበቀ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ለሰፈሩ ብዙም አስጊ አይደለም። አስጊ የሚሆነው ማንም ዘንድ የሌለ ዕቃ እጁ የገባ ዕለት ነው። በእኛ ሰፈር ዕቃው ሞተር ሳይክል ሲሆን፣ ሰውዬው ደግሞ፣ ዕድሌ ሆኖ፣ የታላቅ እህቴ ባል ናቸው።

እንግዲህ ክቡርነታቸውን ላስተዋውቃችሁ። ሙያቸው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው፤ የግማሹ ከተማ ፈገግታ የሳቸው እጅ ሥራ ነው። ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ጥፍራቸው ሥር ጀሶ የማይጠፋ ሰው ናቸው። ፊት ለፊት "ጋሼ" እና "አንተ" እላቸዋለሁ። ከጀርባቸው ግን "ሊቀ ሞተር" ናቸው፤ አንቱታው የስላቅ መሆኑን አስቀድሜ ልናዘዝ። የምኖረው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ጓሮ ባለችው ክፍል ነው፤ መስኮቴ የሚከፈተው በቀጥታ ሞተሯ ላይ ነው። ስለዚህ ሰሚ ሳልሆን ተመልካች ነኝ።

ሞተሯን ከሰባት ዓመት በፊት የገዟት ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የመንገድ ቀያሽ ነው። የፋብሪካዋ ስም ከታንከሯ ላይ ተፍቋል። የመመሪያ መጽሐፏ የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያነብ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘንም። የከተማው መካኒኮች ሁሉ ተራ በተራ አይተዋታል፤ ዞር ዞር ብለው፣ ጭንቅላታቸውን አከክ አከክ አድርገው፣ "ጋሼ፣ እንዲህ ያለች አይተንም አናውቅ" ብለው መልሰዋታል። ሌላ ሰው ይህን ቢሰማ ቅስሙ ይሰበር ነበር። ሊቀ ሞተር ግን በዕድሜያቸው ከሰሙት ምስጋና ሁሉ ይህኛው ይበልጥባቸዋል። ለሳምንት ያህል ደረታቸውን ነፍተው ነበር የሚሄዱት።

የተገዛችበት ምክንያት እህቴ ናት። እህቴ አስተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤቷ ያለው ደግሞ ታክሲ የማይደፍረው ዳገት አናት ላይ ነው። ሞተሯ ግቢ የገባች ቀን ሊቀ ሞተር በጎረቤቱ ሁሉ ፊት፣ "ከእንግዲህ እመቤቴ ይህን ዳገት በእግሯ አትወጣም!" ብለው አወጁ። ጎረቤቱም አጨበጨበ። ይኸው ሰባት ዓመት ሞላ፣ እመቤቲቱ በእግሯ እየወጣች ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ ቀኝ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት፣ በፊት በሃያ አምስት ደቂቃ ትወጣው የነበረው አርባ ደቂቃ ይፈጅባታል። ከመስኮቴ አሻግሬ ሳያት መሐል ላይ ትቆማለች፣ ጉልበቷን ታሻለች፣ ሰው አየኝ አላየኝ ብላ ዙሪያዋን ትቃኛለች። ያኔ ደሜ ይፈላል።

"ምነው ታዲያ አያደርሷትም?" ትሉ ይሆናል። እንዴት አድርገው? ሞተሯ አላለቀችማ!

ነገሩ የተጀመረው በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሊቀ ሞተር አንድ እሑድ ሙሉ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ሲመለከቷት ዋሉና የኋላው መቀመጫ ቁመናዋን እንዳበላሸባት ተገለጠላቸው። ነቀሉት። "ለጊዜው ነው፣ አሳምሬ እመልሰዋለሁ" አሉ። ልብ በሉ፤ ለእህቴ የተገዛች ሞተር፣ መጀመሪያ የተነቀለው የእህቴ መቀመጫ ነው። ዛሬ ዕቃ ቤት ውስጥ ድመት ትተኛበታለች።

ቀጥሎ የመሪዋ መያዣ ጎማ ተቀደደ። ለዚች ሞተር መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም። ሌላው ቢሆን የብስክሌት እጀታ ጎማ ሰክቶ ይገላገል ነበር። ሊቀ ሞተር ግን ጀሶ በጠበጡ። የሰው አፍ ልክ እንደሚወስዱት የራሳቸውን መዳፍ ልክ ወሰዱ፤ ከዚያም ለሰው ሠራሽ ጥርስ ድድ የሚሠሩበትን ሮዝ ፕላስቲክ አፍስሰው ሁለት እጀታ አወጡ። የአሥር ጣታቸው ቅርጽ፣ ሌላው ቀርቶ የጋብቻ ቀለበታቸው ምልክት ሳይቀር ተቀርጾበታል። እኔ ብይዘው ጣቶቼ ባዕድ ቤት እንደገባ እንግዳ የሚቀመጡበት ያጣሉ።

ከዚያ ማን ያቁማቸው? የፍሬኑ መርገጫ በጫማቸው ልክ፣ የታንከሩ ጎን በጉልበታቸው ልክ፣ የስፖኪዮው ክፈፍ፣ የክላክሱ ቁልፍ፣ ከጎማው በላይ ጭቃ የሚመክተው የፓራፋንጎው ጠርዝ፣ ሁሉም ሮዝ ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት መስኮቴን ከፍቼ ሳያት ሞተሯ ድድ አብቅላለች። ጥርስ ብቻ ነበር የጎደላት፤ እሱንም ያሰቡበት ይመስለኛል።

የመቀመጫው ታሪክ ግን ለብቻው ነው። ሊቀ ሞተር በልካቸው መቀመጫ ለመሥራት ፈልገው በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሙሉ ጀሶ በጠበጡና ከነሱሪያቸው ዘፍ አሉበት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ልክ ሲወስዱ ጀሶው ተጣብቆባቸው አያውቅም። ለምን? አፍ ውስጥ ምራቅ አለ። ሱሪ ምራቅ እንደሌለው ያስታወሱት ጀሶው ከደረቀ በኋላ ነው። ጀሶ ሲደርቅ ይግላል፤ ክቡርነታቸውም ቀስ በቀስ መቅላት ጀመሩ። በዚህ መሐል ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ ጥርሳቸውን ሊለኩ ከተፍ አሉ። ሊቀ ሞተር ሳፋቸው ውስጥ እንደተቀመጡ፣ ላብ ፊታቸው ላይ ችፍ እንዳለ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መነሳት አልችልም" አሉ። ዳኛው ደንግጠው ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ "ምሕረቱን ያምጣልህ ልጄ፣ ከጀመረህ ቆየ?" አሏቸው። እህቴ ናት በመቀስ ሱሪውን ቀድዳ ያወጣቻቸው። ሳፋው ግን አልተጣለም። ከሱ የወጣው መቀመጫ እስከ ዛሬ ሞተሯ ላይ አለ፤ በክቡርነታቸው ልክ ብቻ የተሠራ፣ የሱሪያቸው ስፌት ሳይቀር የሚታይበት።

"ጋሼ፣ መቼ ነው እትዬን የምታደርሳት?" ብዬ በየወሩ እጠይቃለሁ።

"ትንሽ ነገር ናት የቀረቻት።"

"አምናም ትንሽ ነበር የቀራት።"

"የአምናው ሌላ ነው። አልቋል።" ይሉና ካቻቢቴያቸውን አንስተው ይጎነበሳሉ። እውነታቸውን ነው። የአምናው በእርግጥ አልቋል፤ ግን አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይወለዳል።

ሰው ትዕግሥቱ ሲያልቅ ሴራ ይጠነስሳል። እኔም ጠነሰስኩ። አሮጌ ሞተሮችን የሚሰበስብ አንድ ሰው መኖሩን ሰማሁና ፎቶዋን ላኩለት። ሰውዬው አብዶ ደወለልኝ። በምትኩ አዲስ፣ ባለሁለት መቀመጫ፣ ማንኛውም መካኒክ የሚያውቃት ተራ ሞተር ሊሰጥ ተስማማ። ለእህቴ ነገርኳት። ጉልበቷን ዳሰሰች፣ ከዚያ "እሱ እሺ ካለ እኔ ምን ቸገረኝ" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሰብሳቢው አዲሷን ሞተር በጭነት መኪና አምጥቶ ግቢ ውስጥ አቆማት። ታበራለች። እኔ ለክርክር ታጥቄ ነበር፤ ስለ እህቴ ጉልበት፣ ስለ ሰባቱ ዓመት፣ ስለ ድመቷ ሳይቀር የምናገረውን አሰናድቻለሁ። ሰብሳቢው የልውውጡን ነገር ሲነግራቸው ግን ሊቀ ሞተር አዲሷን አንዴ ዞሯት። የኋላ መቀመጫዋን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉ።

"ዳገቱን ታወጣለች?" አሉ።

"ሁለት ሰው ጭና፣ እየዘፈነች" አለ ሰብሳቢው።

"እመቤቴ እንዳትቸገር ነው።"

"አይቸገሩም።"

"እንግዲያው ውሰዳት" አሉ። በቃ። ለክርክር ያሰናዳሁት ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

ሰብሳቢው ደስ ብሎት ሊቀመጥባት ሞከረ፤ መቀመጫው አልቀበል አለው። እጀታውን ያዘ፤ ጣቶቹ አልገቡም። ከት ብሎ ሳቀ። "ግድ የለም፣ ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ተነቅሎ ይጣላል። ወደ ፋብሪካ መልኳ ትመለሳለች" አለና ካቻቢቴ አውጥቶ እዚያው ግራውን እጀታ መንቀል ጀመረ። ቀለበቱ የተቀረጸበትን ነው። ዞር ብዬ ሳይ የእህቴ ባል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ንጹሕ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ይጠርጋል።

ከዚህ በኋላ አንቱ ማለት አልሆነልኝም፤ ይቅር በሉኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከመስኮቴ ሆኜ ስቄበታለሁ፤ ሌላ ሰው ሲስቅበት ግን እንደማልችል አላውቅም ነበር።

"ተው! እጅህን አንሳ!" አልኩ።

"ምን ሆንክ?" አለ ሰብሳቢው።

"አትሸጥም። አትለወጥም። ቆሻሻ ያልከው የሰው እጅ ነው።"

"አንተ አይደለህ እንዴ የጠራኸኝ?"

"እኔ ነኝ። የምሸኝህም እኔው ነኝ።"

ሰውዬው አንዴ እኔን፣ አንዴ ሮዟን ሞተር አየና እብደቱ የሚተላለፍ መስሎት ነው መሰል ቶሎ ብሎ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ጋሼ ነገሩ ገና አልገባውም፤ ጨርቁን እንደያዘ ቆሟል። እህቴ ደጃፉ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "እሺ ጀግናው!" አለች። "ሰኞ ጠዋት ዳገቱን ማን ያወጣኛል? ንግግርህ?"

እንደተቆጣቻቸው ተማሪዎች ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

"እስከ ሰኞ ሁለት ቀን አለ" አለ ጋሼ በቀስታ።

ያን ሁለት ቀን ጎንበስ እንዳልን ዋልን። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እይዛለሁ፤ እሱ ያፈሳል፣ እኔ አማስላለሁ። እህቴ ሳፋው ሲመጣ "እኔ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ እዚህ ላይ አልቀመጥም!" ብላ ነበር። በኋላ ግን ናይሎን ተነጠፈላትና ተቀመጠች፤ እንደተቀመጠችም ሳቋ መጣ፣ ሳቁ ደግሞ እኛ ላይ ተጋባ። ጋሼ ብቻ አልሳቀም። ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ፣ የሰው መንጋጋ በሚለካበት መሣሪያ የቀኝ ጉልበቷን እያጠፈ እየዘረጋ፣ "እዚህ ጋ ያምሻል? እዚህስ? ሲታጠፍ የማያምሽ የት ላይ ነው?" ይላታል። ያላመማትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረገ፤ የእግሯን መርገጫ እዚያው ልክ ላይ ሠራው። ሰባት ዓመት ከኋላ ያለውን መቀመጫ የረሳ ሰው ነው ብዬ ስናገር የኖርኩት ይህን ሰው ነበር። ተሳስቼ አልነበረም፤ ግን ሁሉንም አላውቅም ነበር።

ሰኞ ማለዳ ጋሼና እህቴ ሞተሯ ላይ ወጥተው ተነሡ። ሰፈሩ በር በሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። ሞተሯ ሜዳውን እንደ ንግሥት ሄደችው። ዳገቱ ላይ ስትደርስ ግን ለካ የሰባት ዓመት ድድ ክብደት አለው፤ ማንገራገር ጀመረች፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ አስነጠሳት፣ ሕፃናት በእግራቸው ቀደሟት። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ነበርና ሮጬ ፓራፋንጎዋ ላይ ትከሻዬን ደገፍኩ። ገፋሁ።

"አይዞህ የኔ ወንድም!" ትለኛለች እህቴ ከላይ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ። "ቀስ እያልክ!"

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ወረደች። ቀሚሷን አስተካከለች፣ ጉልበቷን አልነካችም፣ "ደውሉ ሳይደወል ስገባ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው" አለችና ሄደች። ጋሼ ሞተሯን አላጠፋም። ክላስ እስክትገባ በዓይኑ ሸኛት፣ ከዚያም አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እሱ ይነዳል፣ እሷ ትቀመጣለች፣ እኔ እገፋለሁ። የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ይህን ሰው እወደዋለሁ፤ ይኸው በጽሑፍ አስቀመጥኩት። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት የፓራፋንጎው ጠርዝ መዳፌን እንደላጠው አየ። ገብቶ ጀሶ በጥብጦ ወጣና "እጅህን አምጣ" አለኝ። አሁን ከሞተሯ ኋላ ሁለት አዲስ ሮዝ እጀታዎች አሉ። ጎረቤታችን ዛሬ ጠዋት ሊያግዘኝ ፈልጎ ሊይዛቸው ሞክሮ ነበር። ጣቶቹ አልገቡም።