በዝምታው ወር ብራውዘሩ ድምፅ እንዲያሰማ ስለቀረበው ጥያቄ

በጋና የባሕር ዳርቻ ያለው የቴሺ ጀልበኞች ማኅበር ኮሚቴ ማክሰኞ ግንቦት 20 ከቀኑ 9 ሰዓት በመረብ መጠገኛው ዳስ ተሰበሰበ። ማክሰኞ በባህሉ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ ጀልባ አልወጣም።

የተገኙ፦ ኒ አዶቴይ (ሰብሳቢ)፣ አታ ላርዬ (መረብ ጠጋኝ)፣ እማማ ኮርኮር (ዓሣ በጭስ የሚያደርቁ)፣ ናአ ሾርሜ (ጸሐፊ)። ምልዓተ ጉባኤው አምስት ሰው ነው፤ አታ ላርዬ "እኔ የሁለት ሰው ያህል አወራለሁ" ስላሉ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ጸሐፊዋን ከወንበሯ ስለማስነሣት

ጸሐፊዋ ጀልባ በወጣ ቁጥር የማዕበል ማስጠንቀቂያ የሚወጣበትን ገጽ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ እንደምትጠብቅ፣ ባለፈው ወር ውሃ ልትጠጣ ዞር ስትል ማስጠንቀቂያ አምልጧት ሁለት ጀልባዎች መረባቸውን ጥለው ነፍሳቸውን ብቻ ይዘው እንደተመለሱ አስታወሰች። ነገ ረቡዕ ንጋት ላይ ግን የእህቷ ልጅ ስም ስለሚወጣ እዚያ መገኘት አለባት። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ብራውዘሩ እንዲጮህ የሚያደርግ ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር የኮምፒውተር ትእዛዝ፣ ጽፋለች፤ እሷ ባትኖርም ደጅ ያሉት መረብ ጠጋኞች ሰምተው ለጀልባዎቹ ያሳውቃሉ።

ሰብሳቢው "ለመከር በዓሉ ሲባል ከበሮና ጫጫታ በተከለከለበት ወር ምን ጩኸት ነው የምታመጪብን? ሽማግሌዎቹ ኮምፒውተሩን ከነጠረጴዛው ይወስዱታል!" ሲሉ ተቃወሙ። እማማ ኮርኮር "ጀልባ ሲገለበጥስ ቀስ ብለን ነው የምናለቅሰው?" ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተመዝግቦ ታልፏል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ማስነጠስ ከበሮም ጫጫታም ስላልሆነ የአታ ላርዬ ማስነጠስ ተቀድቶ የማስጠንቀቂያው ድምፅ እንዲሆን ተወሰነ። አታ ላርዬ በትእዛዝ ማስነጠስ አልችልም ቢሉም እማማ ኮርኮር በርበሬ አቀረቡ። ተቀዳ።

አጀንዳ 2፦ ብራውዘሩን ስለማስፈቀድ

ብራውዘሩ ሰው ገጹን አንዴ ካልተጫነው ድምፅ እንደማያወጣ ጸሐፊዋ አሳወቀች። ሰብሳቢው "አየሽ፣ እሱም ክልከላውን ያውቃል!" አሉ። የመጫኑ ክብር ለእሳቸው ተሰጠ። ሁለት ጊዜ ገጹን ዘግተውት በሦስተኛው ተሳካ።

አጀንዳ 3፦ የኮሚቴው ኬንኬ (ከበቆሎ ሊጥ የሚቀቀለው ምግብ) ከየት ይምጣ

ውይይቱ እንደተጀመረ ማስነጠስ ተሰማ። ጉባኤው "ይማርዎት!" አለ። ደገመ፤ "ይማርዎት!" በስድስተኛው ሰብሳቢው "ኧረ አታ ላርዬ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ቤትዎ ሄደው ይተኙ!" አሉ። አታ ላርዬ "እኔ አይደለሁም" ብለው ሦስት ጊዜ ተናገሩ፤ ያለተራ በመናገራቸው ተገሠጹ። ጸሐፊዋ ገጹን አይታ ተመልሳ የመናገር ዕድል ጠየቀች። ተራ እንድትጠብቅ ተነገራት፤ ተራው አልደረሳትም።

ማስነጠሱ ስብሰባ ስለረበሸ ስክሪፕቱ እንዲጠፋ፣ የዛሬው ውሳኔ ሁሉ እንዲሻር፣ ጸሐፊዋም ነገ ከንጋት ጀምሮ ከወንበሯ እንዳትነሣ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። ስብሰባው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ።

የጸሐፊዋ ማስታወሻ፦ ስታስነጥስ የነበረችው ገጼ ናት። ነገ ቀኑን ሙሉ ብርቱ ነፋስ ስለሚነፍስ ማንም ወደ ባሕር እንዳይወጣ ትላለች። ስብሰባው እንዳለቀ ቤት ለቤት ዞሬ ለጀልባ አዛዦቹ ሁሉ ነግሬአለሁ። ጀልባ ካልወጣ እኔም የምጠብቀው ነገር የለም። ንጋት ላይ እህቴ ቤት ነኝ። የኮሚቴው አባላት መምጣት ይችላሉ፤ ኬንኬውም እዚያ አለ።