የሃምሳ አለቃው አንዲት ቃል

ዳንግላ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። አንዱ «ባልሽ ደወለ?» ነው። ሁለተኛው «ቴአትሩ መቼ ነው?»። የመጀመሪያውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቀኛል፤ ሁለተኛውን እየሳቀ። የኔ መልስ ለሁለቱም አንድ ነው፤ «እግዜር ያውቃል» ብዬ አልፋለሁ።

የወታደር ሚስት ነኝ። ባሌ ሃምሳ አለቃ ስመኘው ይባላል፤ የአዘና ልጅ ነው። ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። ከዚህ ውስጥ አብረን የኖርነው ስንት ነው እንዳትሉኝ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለው ሰው የወታደር ሚስት አይቶ ሳይሆን አይቀርም። ታዲያ ምን ላርግ? ቁጭ ብዬ ግድግዳ አላይ! ቴአትር እሠራለሁ።

ይኼ አመል የጀመረኝ ካምፕ ነው። እንደተጋባን አንድ የቆላ ካምፕ ይዞኝ ሄደ። ሙቀቱ አይጣል ነው። እኛ ሚስቶች ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ተኮልኩለን ሰው ማማት ሆነ ሥራችን። ሐሜትም ያልቃል እኮ! ሲያልቅብን ጊዜ «ቴአትር እንሥራ» አልኩ። አንሶላዬ መጋረጃ ሆነች። ባሎቻችን ግዳጅ ላይ ስለነበሩ የአባወራውን ቦታ ለአንዲት የአሥር አለቃ ሚስት ሰጠናት። በከሰል ጺም ሳልንላት፤ የባሏን ኮፍያ ደፋች። አዳዲስ ምልምሎች ከፊት ተደርድረው ያያሉ። እሷ ሆዬ ሰነፍ ልጇን ልትቆጣ «ተነሥ! ቁም!» ብላ ስትጮህ፣ ምልምሉ በሙሉ ብድግ! እጁን ከጎኑ ለጥፎ ቀጥ አለ። «ተቀመጡ» የሚል ቃል ድርሰቱ ውስጥ ስላልነበረ ቴአትሩን እስከ መጨረሻው ቆመው አዩት።

ልጆቻችን ትምህርት ሲጀምሩ እኔ ዳንግላ ቀረሁ፤ እሱ ብቻውን መመላለስ ጀመረ። አንሶላዬን ይዣት ነው የመጣሁ። እዚህ መምህር አንዷለም የሚባል የአማርኛ አስተማሪ አለ፤ የከተማውን የቴአትር ክበብ የሚመራው እሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቀበሌ አዳራሽ እንሰበሰባለን። መጀመሪያ ያየኝ ቀን «እህት ይታይሽ፣ አንቺ የጋን መብራት ሆነሽ ነው የኖርሽው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰኛል?

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ስመኘው ሲሄድ አይሰናበትም። ጠዋት ይነሣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ቦርሳውን ያነሣል፣ በሩ ላይ ይቆምና «ጤፉን አስፈጪ» ይላል። ወጣ! በቃ፣ ይኸው ነው። አንዳንዴ በርሜሉ ዱቄት እንደ ሞላ፣ እሱም ራሱ ከወፍጮ ቤት ተሸክሞ እንዳመጣው እያወቀ ነው እንዲህ የሚለኝ። «መቼ ትመለሳለህ?» ካልኩት ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል። ካሰረው በኋላ ፈትቶ እንደገና ያስረዋል።

ምክንያቱን የነገሩኝ እናቱ ናቸው፣ እማማ ጥሩዬ። ስመኘው ምልምል ሆኖ ሲወጣ አብሮት የወጣ የጎረቤት ልጅ ነበር። ያ ልጅ እናቱን «ለመስቀል እመለሳለሁ» ብሏት ወጣ። አልተመለሰም። መርዶውን ይዞ የመጣው ስመኘው ነው። እናትየዋ ልጇን እንኳ በስሙ አልጠራችውም አሉኝ፤ «እመለሳለሁ ብሎኝ ነበር እኮ» ብቻ ነበር የምትለው፣ ደጋግማ። ከዚያ ወዲህ ያቺ ቃል ከስመኘው አፍ ወጥታ አታውቅም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጠፋ» ይባላል አይደል? ማን እንዳለው አላውቅም። የወታደር እናት ግን አይደለችም።

ይገባኛል። ግን እኔም ሰው ነኝ! የሌላዋ ባል ለቅዳሜ ገበያ ሲወጣ እንኳ «መጣሁ» ይላታል። እኔ በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ «እመለሳለሁ» ሲለኝ ብሰማ ምን ነበረበት? ውሸትም ቢሆን ይሁን። እማማ ጥሩዬ ግን «ዝም አይነቅዝም፤ ተይው ልጄን» ይሉኛል።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ የወር ፈቃድ ተሰጥቶት መጣ። እኛም ስለ አንድ ዘማችና ስለ ሚስቱ ቴአትር እያዘጋጀን ነበር። ሚስቱ እኔ ነኝ። ዘማቹ ቻላቸው የሚባል ባለጋሪ ነው። ቻላቸው መልከ መልካም ነው፤ ድምፁማ ማር ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለበት። ልምምድ መሐል «አንድ ሰው መናኸሪያ አድርሼ መጣሁ» ብሎ ከወጣ ፈረሱም አይመልሰውም። መምህር አንዷለም በመጨረሻ መረረውና «ሌላ ሰው ፈልጉልኝ» አለ። ያኔ ነው ሰይጣን ጆሮዬ ላይ የተቀመጠው። «ወታደር ከፈለግህ እኔ ቤት አለልህ» አልኩት። ቀስ ብዬም ለመንኩት። በር ላይ ሲለያዩ ሚስትየዋ «መቼ ነው የምትመለሰው?» ትበለው፣ እሱም «እመለሳለሁ» ይበላት፤ ይችን ጨምርልኝ አልኩት። ቴአትር አይደል? የሰማ ክፉ ነገር ቢኖር እንኳ «ኧረ ድርሰት ነው» ብሎ ያልፈናል ብዬ ነው።

ስመኘው እንቢ ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር። መምህሩ ብልህ ነው፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጻፈለት። ወታደር ማኅተም ካየ አለቀ። «ስንት ሰዓት ነው የምገኘው?» አለ።

ልምምዱን ባያችሁልኝ! መምህር አንዷለም ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም። እንደዚያም ሆኖ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ሃምሳ አለቃ፣ ወታደር አይመስሉም» አለው። ስመኘው እጁን ኪሱ ከቶ፣ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ ነዋ የሚሄደው። መምህሩ ደረቱን ነፍቶ፣ እግሩን እያነሣ እየጣለ ከግድግዳ ግድግዳ አሳየው። ስመኘው በትሕትና አየውና «እኛ ዘንድ እንዲህ የሚሄድ ሰው የለም» አለ። ያቺ ቃል ጋ ሲደርስ ደግሞ «እዚህ ላይ ቃሏን እላለሁ» ብሎ ያልፋታል። መምህሩ «ለመድረኩ ቆጥቦ ነው» አለኝ። እኔም ላምን ፈልጌ ነበርና አመንኩ።

የቴአትሩ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። በቀርከሃ ጎጆ ሠርተን መድረኩ ላይ አቁመናል። እማማ ጥሩዬ ከአዘና መጥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ስመኘው ቦርሳውን አንግቶ ወደ ቀርከሃው በር መጣ። የልጅ ሠርግ ያለብኝ ነው የመሰለኝ። «መቼ ነው የምትመለሰው?» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ! ይኼ ድርሰቱ ውስጥ የለም። መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ «እመለሳለሁ በላት!» ይላል፤ ሹክሹክታው አራተኛው ወንበር ድረስ ይሰማል። በክረምት ቢሆን ዝናቡ ቆርቆሮውን ደብድቦ ይሸፍንልን ነበር። በኅዳር ዝናብ ከየት ይምጣ? «መቼ ነው የምትመለሰው?» አልኩት ደግሜ። «በሞቴ!» የምትለዋን ከራሴ ጨመርኩ። ይኼኔ እማማ ጥሩዬ ብድግ ብለው በአዊኛ «ልጄ፣ እንዳትላት!» አሉ። አዊኛ የሚሰማው ግማሹ አዳራሽ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ግማሽ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይላል። ትርጉሙ ከወንበር ወንበር እየተላለፈ ኋላ ሲደርስ ሳቁ እንደገና ተነሣ። ስመኘው ቀና አለ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። የቴአትሯን ሚስት አይደለም ያየው፤ እኔን ነው። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ከፈተ።

«ጤፉን አስፈጪ» አለ።

አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ሊፈርስ! እኔ እዚህ ላይ በድርሰቱ መሠረት ማልቀስ ነበረብኝ፤ አለቀስኩ። በንዴት ነው ያለቀስኩት። ሰዉ ግን «እንዲህ አድርጋ የምታለቅስ ተዋናይ አይተን አናውቅም» አለ።

ቤት ገብተን «ድርሰት እንኳ ሆኖ?» አልኩት። «የሚሰማው ክፉ ነገር ድርሰት መሆኑን በምን ያውቃል?» አለኝ። መጀመሪያ «ድርሰት ነው ብሎ ያልፈናል» ብላ የተጃጃለችው እኔው ነኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሄደ። በሩ ላይ ቆመ፤ አየኝና ወጣ። ጤፉን እንኳ ሳያነሣልኝ! ለካ የዳንግላ ባለጋሪ ሁሉ ባየው ቁጥር «ሃምሳ አለቃ፣ ጤፉን አስፈጪ!» እያለ ሲያበሽቀው ሰንብቷል። ያቺንም አስጥዬው ቀረሁ። ያን ቀን በሩ ላይ እንደ ቆምኩ ነው የዋልኩት ብላችሁ አታምኑኝም።

ሳምንት አለፈ። ሁለት፣ ሦስት ሳምንት። አልደወለም። መምህሩ ቻላቸውን ለምኖ መለሰው። ቻላቸው መድረኩ ላይ ዐይኔን እያየ «እመለሳለሁ» ሲል ሴቶቹ እልል ይላሉ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኋት ቃል እኮ ናት! እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። «እንደምን ዋልሽ» ያለኝ ያህል ነው።

አንድ ቅዳሜ ልምምድ መሐል ስልኬ ጮኸ። ስመኘው! ሮጬ ወጣሁ። ልጆቹን ጠየቀ፣ እናቱን ጠየቀ፣ የላላውን የበር ማጠፊያ ሳይቀር ጠየቀ። ከዚያ «ያቺን ቦታዬን ማን ያዛት?» አለ።

«ቻላቸው» አልኩት።

«ቃሏን ይላታል?»

«አሳምሮ!»

ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ «ሃሎ! ሃሎ!» እላለሁ።

«ለጥምቀት ትደግሙት የለ?»

«አዎ፣ ቆሰበር ከተማ ላይ።»

«ቻላቸውን ልቀቅ በሉት። ቦታዬን ለማንም እንዳትሰጡብኝ» አለ። ተቋረጠ።

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሲገባኝ እዚያው ቀበሌው አጥር ሥር ቁጭ አልኩ። ለእማማ ጥሩዬ ደውዬ ነገርኳቸው። «ወይኔ ልጄን! ያቺን ቃል አናገርሽው!» ብለው ጮኹብኝ። ሲያማትቡ ይሰማኛል። ከዚያ ቀዝቀዝ ብለው «ቆሰበር የት ቦታ ነው የምትሠሩት?» አሉኝ።

ቻላቸው ነገሩን ሲሰማ አልተቀየመም። መምህሩ ግን «እስከዚያው ተጠባባቂ ሁንልን» ብሎ ያዘው። «እሺ፤ ፈረሴን ውሃ አጠጥቼ እመለሳለሁ» አለን፣ በዚያ በማር ድምፁ። ይኸው እስካሁን እያጠጣ ነው።

ጥምቀት ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ዘማች የለንም። መምህር አንዷለም ጥፍሩን እየበላ «እህት ይታይሽ፣ ባይመጣስ? እመለሳለሁ ብሎሻል?» ይለኛል።

አላለኝም። ጤፉን ግን አስፈጭቻለሁ።