ከኢተያ የመጡት አንጎል አንባቢ

እናንተስ ዘንድ የበሽተኛውን ፊልም አንስቶ ወደ መስኮት እየያዘ የሚመረምር ጠያቂ አለ? እኛ አሰላ ሞልቶናል። ሐኪም ስንት ዓመት የለፋበትን ትምህርት እሱ ያመጣውን ሙዝ እንኳ ሳያስቀምጥ ይጨርሰዋል።

አጎቴን ሐጂ ከድርን ስትሮክ መታቸውና አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ሐኪሙ የአንጎላቸውን ኤምአርአይ አይቶ፣ «ሊብስባቸው ይችላል፤ ለጥቂት ቀን እዚሁ አስተኝተን እንከታተላቸው» አለን።

ከኢተያ ሊጠይቁ የመጡት ስንዴ ነጋዴ፣ አቶ ግርማ፣ ክትትል የሚባል ነገር አይገባቸውም። ከራስጌው ፌስታል ፊልም መዘዙና ወደ መስኮቱ ያዙት።

«ይኼ ነጣ ያለው ታያችሁ? ዋግ የመታው ማሳ በሉት። ዛሬ ዳር ዳሩን ነው፤ ነገ መሃል ይገባል።»

አሁን የስንዴ ዋግና አንጎልን ምን አገናኛቸው? ሰውዬው ግን በስንዴ ተሳስተው አያውቁም። እህቴ ማልቀስ ጀመረች። እኔም፣ ተምሬያለሁ ባዩ፣ ዋጉ ወለል ብሎ ታየኝ።

የአጎቴ ሚስት ረጋ ብለው፣ «አቶ ግርማ፣ የሐጂን ፊልም እኮ ሐኪሙ ወስዶታል» አሉ። «እሱ የኔ ጉልበት ነው።»

አቶ ግርማ ፊልሙን ሳያወርዱ ትንሽ አሰቡ።

«ጉልበቱም ዋግ አለበት።»

ይህን ጊዜ ሐጂ ከድር ከት ብለው ሳቁ። ተጣሞ የሰነበተው አፋቸው በሁለቱም ጎን ተከፈተ። እህቴ እንደገና አለቀሰች፣ አሁን በደስታ፤ እኔ ሐኪሙን ልጠራ ሮጥኩ።

ስመለስ አቶ ግርማ ፊልሙን ወደ ፌስታሉ እየከተቱ ነበር።

«ይኸው! ይሻላቸዋል አላልኳችሁም?»