በማኅተሙ ላይ ያለችው ንብ

ማኅተም ያለው ኮሌጅ ሁሉ ማኅተሙን የሚያብራራ ሰው አያጣም። ጠየቁት አልጠየቁት ያብራራል። በዚህ በስሎቬንያ የንብ እርባታ ኮሌጅ ሹመቱን የያዙት ክቡር ፕሮፌሰር ቪቶሚር ናቸው።

«በማኅተም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ትርጉም አለው» ብለው ይጀምራሉ። ቧንቧ ሊጠግን የመጣው ሰውዬ እንኳ፣ ውሃው እየፈሰሰ፣ በማኅተሙ ላይ ያሉትን የሦስቱን ቅጠሎች ምስጢር ሳይሰማ አልተለቀቀም። ጸሐፊዋ ዝደንካ ማብራሪያውን በቃሏ ታውቀዋለች። ባሏ ሎይዜ የተቀበረ ዕለት ፕሮፌሰሩ የለውዝ ዳቦ በእጃቸው ይዘው ስለ ማኅተሙ ሲያወሩ ሰምታ ተቀይማቸው ነበር።

ማኅተሙን የሣለው ሎይዜ ነው፤ የሥዕል መምህር እንጂ ንብ አርቢ አልነበረም። ከቀፎው ወጥታ የምትበረውን ንብ እግሯ ላይ የአበባ ብናኝ ጭኖባታል። ንብ ደግሞ ብናኝ ይዛ ትገባለች እንጂ ይዛ አትወጣም። ስህተቱን ያወቀው ሥዕሉ በኮሌጁ መግቢያ በር ድንጋይ ላይ ከተቀረጸ በኋላ ነው። ለዝደንካ ብቻ ነገራት።

ዘንድሮ አዲሷ ዳይሬክተር ማርዬታ ማኅተሙ ይታደስ ብላ ስብሰባ ጠራች። «ይቺ ንብ ደግሞ ምን ሆና ነው? ጓዟን ጠቅልላ ልትኮበልል ነው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ዝደንካ ብዕሯ ቆመ።

ፕሮፌሰሩ ተነሡ።

«አቤት፣ ተጀመረ!» አለ አንዱ።

«እባክዎ ፕሮፌሰር፣ ያሳጥሩልን» አለች ማርዬታ።

«አሳጥራለሁ። ከቀፎው ልጀምር።»

ምሳ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «መሪ ቃላችን ‹የሰበሰብከውን ስጥ› ይላል። ሌሎቹ ንቦች ይዘው ይገባሉ። መሪ ቃሉን ያነበበችው ይቺ ብቻ ናት። ተመራቂያችን ማለት እሷ ናት።»

«በቃ ትቆይ! በረሃብ አለቅን እኮ!» አለች ማርዬታ።

ዝደንካ በሩ ሥር ደረሰችባቸው። «ስህተት መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«ወይዘሮ ዝደንካ፣ ንብ አርቢ አይደለሁም እንዴ? ገና ድንጋዩ ሲሰቀል ነው ያየሁት። እኔ ቶሎ ትርጉም ባልሰጣት ግቢው ሁሉ ይስቅበት ነበር። ሎይዜ በዚህ በር ቀና ብሎ ማለፍ ነበረበት።»

በንብ አርቢዎች ግቢ ውስጥ በዚያች ንብ ያኔ አንድም ሰው ያልሳቀው ለምን እንደሆነ ገና አሁን ገባት። ቀና ብላ ድንጋዩን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን አስቀምጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«እስቲ ከቀፎው ይጀምሩልኝ» አለቻቸው።