ሥርዓት የገባው ዱር

ለሥልጣኔ ትልቁ ጠላት ጦርነት ነው የሚሉ አሉ። ረሃብ ነው የሚሉም አሉ። አቶ ኦርቪል ፕሩደን ግን መኪናን አጣሞ ማቆም ነው ብለው በጽኑ ያምኑ ነበር። በሳስካችዋን ሜዳ ላይ ባለች፣ ከመኪናዋ ስንዴዋ በሚበዛ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ የመኪና ማቆሚያ ደንብ አስከባሪ ክፍል ኃላፊ ሆነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያገለግሉ፣ ጎማው ከነጩ መስመር አንድ ጣት ያለፈ ሰው ምረው አያውቁም። የገዛ እናታቸውን አስከሬን ያመጣውን መኪና እንኳ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ከተፈቀደው ሰዓት በላይ ቆሟል ብለው ቀጥተውታል። በዚያ ቀብር ላይ ሕዝቡ ክፉኛ አለቀሰ፤ ለእናትየው ይሁን ለሹፌሩ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ጡረታ በወጡ ዕለት ታሪካዊ ንግግር አደረጉ።

«ጉልበቴን ለሕዝብ ሰጥቻለሁ» አሉ። «የቀረኝን ደግሞ ለተፈጥሮ እሰጣለሁ። ሕግ ወደሌለበት፣ መስመር ወዳልተሰመረበት፣ የሰው ድምፅ ወደማይሰማበት ዱር፣ ወደ ሰሜን እሄዳለሁ።»

አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ተነሥቶ አጨበጨበ። አንዳንዶቹ ንግግሩን ሳይጨርሱ ነው የጀመሩት።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሎርናም አጨብጭበዋል፤ ግን በራሳቸው ምክንያት። እህታቸው ዊኒ በወጣትነቷ በነርስነት ተቀጥራ ሰሜን ሄዳ፣ እዚያው መንገዱ አልቆ የበረዶው ባሕር ከሚጀምርበት መንደር ቀርታለች። አንዴ ሄደን እንጠይቃት እየተባለ፣ በየዓመቱ አንድ አስቸኳይ ስብሰባ እየመጣ፣ ሁለቱም ሸበቱ። አሁን ዊኒ በሰባ ዓመቷ ሩበን የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሳቂታ ዓሣ አጥማጅ ልታገባ ነው።

«ትመጫለሽ ወይስ እንደ ልማዱ ኦርቪል ስብሰባ አለው?» አለች በስልክ።

«ጡረታ ወጥቷል እኮ» አሉ ወይዘሮ ሎርና።

«ሰውዬው ወጥቷል። ስብሰባውስ ወጥቶለታል?»

ወይዘሮ ሎርና ሳቁ፤ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ግን ጥያቄው አላሳቃቸውም።

አቶ ኦርቪል ከሰው ሠራሽ ነገር ሁሉ ለመሸሽ ቆርጠው ስለተነሡ፣ በፒክአፕ የሚጎተት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገዙ። ውስጡ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ የሙቅ ውሃ መታጠቢያ፣ ሶፋ፣ እንዲሁም ሳሎናቸው ካለው የሚተልቅ ቴሌቪዥን ነበረው። ምድርን በባዶ እግር መርገጥ የዘወትር ምኞታቸው ስለሆነም፣ ሣር የሚመስል አረንጓዴ የፕላስቲክ ምንጣፍ ጠቅልለው ጫኑ።

«ሰሜን ሣር የለም እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ሎርና።

«አለ፤ ግን ይቆሽሻል።»

«ምን ያቆሽሸዋል?»

«አፈር ነዋ።»

ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የአቶ ኦርቪል ጨዋነት እዚህ ላይ ነው። አንጥፉልኝ ብለው ማንንም ሳያስቸግሩ፣ ቁርበታቸውን ራሳቸው ይዘው ሄዱ። ወይዘሮ ሎርና የጫኑት ለሠርጉ የጋገሩትን፣ በዘቢብና በለውዝ የተጠቀጠቀውን ኬክና አንድ ሰማያዊ ባርኔጣ ብቻ ነው።

ጉዞው እጅግ የተረጋጋ ነበር። ከመረጋጋቱ የተነሣ በብስክሌት የሚጓዙ ሁለት ጎልማሶች ዳገት ላይ አለፏቸው። ከኋላቸው ግንድ የጫኑ መኪኖች፣ አምቡላንስ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እስከ ተራራው መታጠፊያ ተሰልፈው ጡሩምባ ይነፋሉ።

«እየተከተሉን ነው» አሉ አቶ ኦርቪል በመስታወቱ እያዩ። «ሕዝብ መሪ ሲያገኝ እንዲህ ነው።»

«ማለፍ ፈልገው ነው፣ ኦርቪል።»

«ማለፍ የፈለገማ ዝም ብሎ ያልፋል። ጡሩምባ የሚነፋው ለክብር ነው።»

የሮኪ ተራሮችን ካለፉ በኋላ፣ ጥድ ብቻ በሆነ አገር፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ድብ ከነግልገሏ መጥታ ከቤታቸው ደጃፍ እንጆሪ ትለቅም ጀመር። ወይዘሮ ሎርና ትንፋሻቸውን ውጠው መስኮቱን በቀስታ ከፈቱ። አቶ ኦርቪል ሶፋው ላይ ተጋድመው ስለ ድቦች አኗኗር የሚተርክ ፊልም ያያሉ።

«ኦርቪል፣ ድብ መጥታለች። ከነልጇ።»

«መስኮቱን ዝጊው እባክሽ፤ ድምፁ አልሰማ አለኝ።»

«እውነተኛ ድብ ናት እኮ የምልህ።»

«አያለሁ» አሉ አቶ ኦርቪል ቀና ብለው፤ ደጁንና ቴሌቪዥኑን አፈራርቀው ካመዛዘኑ በኋላ ግን ፍርዳቸውን ሰጡ። «የዚህኛው ምስል ይጠራል።»

እንዲህ ባለ የተፈጥሮ ፍቅር እየተቃጠሉ፣ ከዩኮን ድንበር ሳይደርሱ አንድ ሐይቅ ዳር ከምትገኝ ጠጠር የፈሰሰባት ሜዳ ለማደር ገቡ። ሌሎች መንገደኞችም አድረውባታል። ቤት የሚያህል አውቶቡስ የሚነዳው የቴክሳሱ ክላይድ አለ፤ ፍሪሰን የሚባል ዝምተኛ የማኒቶባ ገበሬም ከሚስቱ ጋር አለ። ሌላም ሌላም። ሁሉም ከሰው ለመሸሽ የመጡ በመሆናቸው ሜዳዋ ጢም ብላለች። እናም አንዱ ወደ ሐይቁ፣ አንዱ ወደ ተራራው፣ አንዱ ወደ ፀሐይ ዞሮ፣ እንዳሻው ቆሟል።

አቶ ኦርቪል ከመኪናው ወርደው ይህን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ራታቸውን አልበሉም። ወይዘሮ ሎርና ያውቋቸዋልና ልባቸው ሥጋት ገባው።

ጠዋት ሲነሡ ባላቸው አንጸባራቂ የሥራ ሰደርያቸውን ለብሰው ድንጋይ እየለቀሙ በመስመር ሲደረድሩ አገኟቸው።

«አለቃ» አለ ክላይድ ቡናውን ይዞ ብቅ ብሎ፣ «ዙሪያህን ብታይ እኮ አገሩ በሙሉ ባዶ ነው። ሰው የፈለገበት ቢያቆም ማንን ይጎዳል?»

«ችግሩ እሱ ነው» አሉ አቶ ኦርቪል። «ቦታ ያልጠበበው ሰው ሥርዓትን አያውቅም። እኛ እናጠብለታለን።»

ክላይድ ያሾፋል ብለው ወይዘሮ ሎርና ጠብቀው ነበር። ክላይድ ግን ጥቂት አሰበና አውቶቡሱን አስነሥቶ በድንጋዮቹ መካከል ገባ። ፍሪሰንም ተከተለው። እስከ ምሳ ሰዓት ሁሉም ተሰልፎ፣ አንዱ የሌላውን መስኮት እያየ፣ እፎይ ብሎ ተቀመጠ። ለካ ሰው ከከተማ የሚሸሸው ከተማ የሚሠራበት ቦታ ፍለጋ ኖሯል። በማግስቱ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አቶ ኦርቪል ሊቀ መንበር፣ ክላይድ ምክትል ሆኑ። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚኬድበት መንገድ ተበጀ፤ መግቢያው ላይ በርች ከሚባል ዛፍ ግንድ የተሠራ ኬላ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ያለ ፈቃድ ወጥተው የሰልፉን መልክ ስላበላሹም፣ ማንኛውም ተጎታች ቤት ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ተወሰነ።

ወይዘሮ ሎርና በየማለዳው «ኦርቪል፣ ሠርጉ እየደረሰ ነው» ይላሉ። አቶ ኦርቪል በየማለዳው «ተቋሙ በእግሩ ይቁም» ይላሉ።

ተቋሙ በእግሩ ሊቆም ሲል ጎሾች መጡ። ያ አገር የዱር ጎሽ አገር ነው፤ መንገዱን ከመንግሥት ቀድመው ይዘውታል። አንዱ፣ ጠጉሩ ምንጣፍ የሚያህል ወይፈን፣ ሁለት የማቆሚያ ቦታ አጋድሞ ይዞ ተኛ። አቶ ኦርቪል የማስጠንቀቂያ ወረቀት ጽፈው፣ እንደ መኪናው የሚሰኩበት የመስታወት መጥረጊያ ቢያጡ በረዥም እንጨት ጫፍ ላይ ሰክተው ወደ አፍንጫው አቀረቡለት። ጎሹ አሸተተው፤ ከዚያም ዓይኑን ሳይከፍት አኝኮ ዋጠው።

«ተቀብሏል» አሉ አቶ ኦርቪል ለተሰበሰበው ሰው።

«በልቶታል» አሉ ወይዘሮ ሎርና።

«በሕግ አነጋገር ያው ነው።»

በዚያው ዕለት ዊኒ ስልክ ደወለች። እሑድ ሠርጉ ነው። «ቀሚሴን ለብሼ አየሁት» አለች፤ «ቄሱ ልጄ ይመስላል፤ ሩበን ከአሁኑ ያለቅሳል። እዚህ በኔ በኩል የሚቆም ሰው የለኝም ሎርና፤ ብትመጪ አንቺ ነሽ።» ወይዘሮ ሎርና እመጣለሁ አሉ። ከዚያም ሰማያዊ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ኮሚቴው ሐይቁ ዳር በፕላስቲኩ ሣር ላይ ከተሰበሰበበት ሄደው እጃቸውን አወጡ።

«የመውጫ ፈቃድ እጠይቃለሁ። የእህቴ ሠርግ ነው።»

ሁሉም ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ። አቶ ኦርቪል ባለቤታቸውን እንደማያውቁ ሆነው ተመለከቱ።

«አመልካቿ ምክንያታቸው የግል ነው።»

«አለቃ፣ ሚስትህ እኮ ናት» አለ ክላይድ።

«ለዚህ ነው የምከለክላት። ዛሬ ለሚስቴ ብፈቅድ ነገ በየትኛው ፊቴ ሌላውን እከለክላለሁ?»

ጉባኤው ከልቡ አጨበጨበ። የፍሪሰን ሚስት እንባዋን ጠረገች። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

«የሚቀጥለው መቼ ነው?» አሉ ወይዘሮ ሎርና።

«ጎሾቹ ቦታቸውን ሲያውቁ።»

ወይዘሮ ሎርና እንደሚናደዱ ጠብቀው ነበር። አልተናደዱም፤ የገረማቸውም ይኸው ነው። ከዓመት ዓመት ሲጎትቱት የኖሩት ነገር ድንገት እጃቸውን የለቀቀ ያህል ቀለላቸው። ቀጥ ብለው ሄደው ኬኩን ከፒክአፑ ወንበር ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ተንበርክከው፣ ቤቱንና መኪናውን ያያያዘውን ሰንሰለት ይፈቱ ጀመር። ፍሪሰን አንድ ቃል ሳይተነፍስ መጥቶ ክሪኩን አዞረላቸው።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አሉ አቶ ኦርቪል ደርሰው።

«እየፈታሁ።»

«ፈቃድ የለሽም እኮ።»

«ደንብህ የሚለው ተጎታች ነው። እኔ የምሄደው በጎታቹ ነው። ተጎታቹ እዚሁ ካንተ ጋር ይቀራል።»

አቶ ኦርቪል ደንቡን በልባቸው ከታች እስከ ላይ ወጡ፤ እንደገና ወረዱ። ፊታቸው ቀስ በቀስ በአድናቆት በራ።

«ልክ ናት» አሉ ወደ ክላይድ ዞረው። «የኔን ደንብ እንዲህ ያነበበ ሰው አይቼ አላውቅም።» ሄደውም ኬላውን በገዛ እጃቸው ከፈቱላቸው።

ወይዘሮ ሎርና ዳገቱን ሲጀምሩ መኪናው ከሥራቸው እንደ ፈረስ ተነሣ። እነዚያን ሁለት ብስክሌተኞች አለፉ፤ ግንድ የጫነ መኪና አለፉ። ጥዱ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ ጠፋ። ሰሜን ሲደርሱ መንገዱ ጠጠር ብቻ ሆነ፤ ወንዞቹን በጀልባ ተሻገሩ፤ ፀሐይዋ ከሰማይ ዳር ዞር ዞር እያለች አልጠልቅም አለች። ደክሟቸው መኪናውን ዳር አቆሙና፣ በእውነተኛው ሣር ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ትንኝም በላቸው። ደስ አላቸው።

ሠርጉ ቅዳሴው እንዳለቀ በመንደሩ አዳራሽ ሆነ። የደረቀ ዓሣ ነበር፤ የአጋዘን ወጥ ነበር፤ ሽማግሌዎች ሰፊ ስስ ከበሮ እየመቱ ዘፈኑ። ሩበን ሲያለቅስ፣ ወይዘሮ ሎርና ከእህታቸው ጎን ቆመው ባርኔጣቸውን ያቃኑ ነበር።

«ባልሽስ?» አለች ዊኒ በከበሮው መካከል ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ።

«ተጎታቹን መንገድ ላይ ፈትቼው መጣሁ።»

«ቤቱን ነው ሰውዬውን?» አለች ዊኒ።

«ቢላዋውን አቀብዪኝ» አሉ ወይዘሮ ሎርና፤ «ኬኩ ይቆረስ።»

ግን ሰው ናቸው፤ ያን ያህል ዘመን አብሮ መኖር ደግሞ ቀላል አይደለም። ሲመለሱ ልባቸው አላስችል ብሏቸው፣ ቤቱን መልሰው ከመኪናው ሊያያይዙና ባላቸውን ይዘው ሊሄዱ አስበው ወደ ሐይቁ ታጠፉ።

ሜዳው ላይ አንድም መንገደኛ የለም። ክላይድ ከተፈቀደው ጊዜ በላይ ቆይቷል ተብሎ ተባሯል፤ ፍሪሰን ያለ ፈቃድ ክሪክ በማዞር ተባሯል፤ የቀሩት በየተራ በልዩ ልዩ ጥፋት ተሰናብተዋል። በድንጋዮቹ መካከል የተኙት ጎሾች ናቸው፤ አንዱም ከመስመር አልወጣም። አቶ ኦርቪል ከስተው፣ ጺማቸው አድጎ፣ በሰደርያቸው ውስጥ ሆነው እንደ ጄኔራል ብቅ አሉ። የሰው ድምፅ ወደማይሰማበት እሄዳለሁ እንዳሉ በእርግጥም ደርሰው ነበር።

ወይዘሮ ሎርና መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ እንዴት ነህ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

«የፊት ጎማሽ መስመሩን ነክቷል» አሉ አቶ ኦርቪል። «ትንሽ ወደ ኋላ በይ።»

ወይዘሮ ሎርና ጎማውን አላዩም። እሳቸውን አዩአቸው፤ ዘለግ አድርገው። ከዚያ ማርሹን ወደ ኋላ አስገቡ።

«ነይ፣ ነይ፣ ነይ» እያሉ አቶ ኦርቪል በሁለት እጃቸው መሩዋቸው። መኪናው ጎሾቹን አለፈ፤ ኬላውን አለፈ፤ የኋላ ጎማው አስፋልቱን ነካ። «በቃ!»

«እውነትህን ነው» አሉ ወይዘሮ ሎርና። «በቃ።»

የቀኝ ምልክት መብራታቸውን አበሩ፤ ግራና ቀኝ አይተው፣ ወደ ደቡብ ታጠፉ። በመስታወቱ ውስጥ ሲያዩ፣ አቶ ኦርቪል በጎሾቹ መካከል ቆመው፣ ባለቤታቸው ምልክት አሳይተው በመታጠፋቸው ረክተው ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር።