ዘነበችን ከብርድ ያዳንኳት ቀን

ልጆቼ፣ ዛሬ የሠራሁትን ስታነቡ "ትልቅ ሰው ናት" ብላችሁ የምታከብሩኝም ትተዉኛላችሁ።

ይሁን። የእጄን ነው።

የልጄ ልጅ ሳሮን የኮሌጇ የሴቶች ቲም በረኛ ናት። ዛሬ ግጥሚያ ነበራት፤ ያሸነፈ ለፍጻሜ ያልፋል። "እማማ፣ እትዬ ዘነበችን ይዘሻቸው ነይ" አለችኝ።

ዘነበች ጓደኛዬ ናት። ለንደን፣ ዋይት ሲቲ ነው የምንኖረው፤ በሯ ከበሬ ፊት ለፊት። በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። ኳስ ደግሞ ነፍሷ ነው። እኔ ስለ ኳስ የማውቀው ክብ መሆኑን ብቻ ነው።

እና ምን መሰለኝ? ጽድቅ የምሠራ! እቺን ምስኪን ከቤት አውጥቼ ትንሽ አየር ላስነካት አልኩ በልቤ።

ሜዳው ስንደርስ ዘኑ ጎማዋን ራሷ እየገፋች ቀጥ ብላ ሳሮን ከምትጠብቀው ጎል ኋላ ሄደች። ቀይ ስካርፏን ጭኗ ላይ አድርጋ ቦታዋን ያዘች።

ንፋሱ ግን አጥንት ይቆጥራል።

"ዘኑ፣ ብርድ ይመታሻል" አልኳት።

"ይምታኝ።"

"ኋላ ጎኔን ብትዪ..."

"ብርቄ፣ ተይኝ አልኩሽ።"

እስቲ ፍረዱኝ። እኛ ዘንድ "ተይኝ" ማለት "ትንሽ ለምኚኝ" ማለት አይደለም እንዴ? ሦስቴ በቃኝ ሳይል የሚበላ እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እረፍት ሆነ። ዘኑ ጎማዋን አዙራ መሄድ ጀመረች። ለካ በረኞቹ ጎል ስለሚቀያየሩ ወደዚያኛው ጎል መሄዷ ነው። እኔ የት አውቄ። በረዳትና ተሸነፈች አልኩ።

ሁለት ጎረምሶች ጠርቼ በእጄ አሳየኋቸው። ከነዊልቸሯ ብድግ አድርገው፣ ደረጃውን አውጥተው፣ ሻይ የሚሸጥበት ቤት ውስጥ መስኮቱ ሥር አስቀመጡልኝ። ዘኑ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዝምታዋን እሺታ አደረግሁት። ፊቷን አላየሁም።

ጋቢዬን ደረብኩላት። ቦርሳዋ እንዳይከብዳት ብዬ ይዤላት ወጣሁ። ስልኳ ቦርሳው ውስጥ ነበር።

አየር ላስነካት ብዬ አውጥቼ፣ አየር እንዳይነካት ዘጋሁባት።

ከዚያማ ዞርኩ። መዞር እወዳለሁ፤ ታውቁኛላችሁ። ከካሌዶኒያን ሮድ የመጣች አንዲት ያገሬ ሴት አግኝቼ ጨዋታ ያዝን። የጉልበቷን ነገር ስትነግረኝ፣ ስነግራት፣ ዘወር ብል ዘኑ በመስኮቱ ስካርፏን ታውለበልባለች።

ደስ ብሏታል አልኩ። እኔም እጄን አውለበለብኩላት። ወደ ጉልበታችን ተመለስን።

አንድ እኩል ሆነው ሊያልቅ ሲል ፔናሊቲ ተሰጠብን። ሳሮን ወደ ኋላዋ ዞረች። ዓይኗ ፈለገ፣ ፈለገ። ባዶ ሣር ነው።

በግራ ወደቀች። ኳሷ በቀኝ ገባች።

አለቀ።

"እትዬ ዘነበች የት ናቸው?" አለችኝ እያለቀሰች።

"ውስጥ ናቸው። ሞቋቸዋል" አልኳት። ኮርቼ ነው ደግሞ።

ያኔ ነው የነገረችኝ። ዘኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ የተጋጣሚዎቹን ልጆች የድሮ ግጥሚያ በኮምፒውተር ስታይ ከርማለች። የትኛዋ ወደየት እንደምትመታ በቃሏ ይዛለች። ፔናሊቲ ከመጣ ስካርፉን በቀኝ ወይ በግራ ልታነሳ ቃል ገብታላታለች። ሳሮን የጠራቻት ለዚህ ነው። እኔ የተጠራሁት እንዳይቀርብኝ ነው መሰለኝ።

ስንገባ ቤቱ ውስጥ ከዘኑ በቀር ሰው የለም። ሻይ ሻጩም ጨዋታውን ሊያይ ወጥቶ ነበር። ጋቢው መሬት ላይ ነው።

"በቀኝ ነበር" አለቻት ለሳሮን። ጸጉሯን ደባበሰቻት።

እኔን ያናገረችኝ ስንመለስ ባስ ውስጥ ነው። ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም። "ተይኝ ስልሽ፣ ተይኝ ማለቴ ነበር።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የባሰውን ልንገራችሁ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ይቺን የምታነቧትን ፊደል ያስቆጠረችኝ ዘኑ ናት፣ ኩሽናዋ ውስጥ። እጄ ሲንቀጠቀጥ አንድ ቀን እንኳ እጄን ይዛ አልጻፈችልኝም። "ራስሽ" ነበር የምትለኝ። አንድ ፊደል ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ሲፈጅብኝ፣ ሻይዋ እየቀዘቀዘ ትጠብቀኝ ነበር።

ስለዚህ ይሄን ከመለጠፌ በፊት ደወልኩላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኋት ማለት ነው።

"አንብቢልኝ" አለች። አነበብኩላት።

"አንድ ስህተት አለው" አለችኝ። "እጅሽን ያውለበለብሽው ሁለት ጊዜ ነው። በሁለተኛው ጎንበስ ብለሽ እጅ ነስተሽኛል።"

እሺ። ሁለት ጊዜ ነው። እጅም ነስቻለሁ።

ጋቢዬ እሷ ጋ ቀርቷል። ነገ ጠዋት በሯን ማንኳኳት አለብኝ። ከበሬ እስከ በሯ ሦስት እርምጃ ነው። ሁለት ደህና እግር አለኝ።

እንዴት ነው የሚኬደው?